አንድ ገበያ በሁለት ዐይን
ስለ አሊዩ አምባ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ሲመዘኑ

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁሉ በዓመት ውስጥ ብዙ ወረቀት ይጽፋል። ሪፖርት ይጽፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ከታች ወደ ላይ ከላይም ወደ ታች ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው ፈልጎ የሚያነበው የትኛው ይሆን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው እንዲያው ለመፈላሰፍ ያህል አይደለም፤ በቅርቡ አንዲት ትንሽ የይፋት ከተማን የሚያነሡ ሁለት አሮጌ መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርገን በማንበባችን ነው። አንደኛው የመንግሥት መልእክተኛ የጻፈው ነው፤ ሁለተኛው በግል ጉዳዩ የመጣ አንድ ሐኪም የጻፈው ነው። ሁለቱም የታተሙት በአንድ ከተማ በአንድ ዓመት ነው። አንብበን ስንጨርስ በልባችን የቀረው ግን እኩል አልነበረም፤ ምክንያቱን ለአንባብያን ለመግለጽ እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዪቱ አሊዩ አምባ ናት። ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ቁልቁለት፣ ፊቷን ወደ አፋር ሜዳ አዙራ በአምባ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ በሰሜን ሸዋ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ግመሉን የሚያራግፍባት የመንግሥቱ የምሥራቅ በር ነበረች። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና ሐረሪው ይገናኙ ነበር። አሞሌ ጨው ከማርትሬዛ ብር ጋር ይመነዘራል፤ ጥጡ፣ ቡናው፣ በርበሬው፣ በቅሎው ይሸጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቃል በኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሐሪስ ነው። የቦምቤይ ጦር መሐንዲስ የነበረ፣ ከዚያም አስቀድሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለአደን ሄዶ ስለ አደኑ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ በሐምሌ ወር አሊዩ አምባ ገባ። ከእርሱም ጋር የተፈጥሮ ሊቅ፣ ሠዓሊ፣ ሐኪምና ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ «የኢትዮጵያ ደጋዎች» ብሎ በሦስት ክፍል የጻፈው መጽሐፍ በ1844 በለንደን ታተመ።

ሁለተኛው ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በ1842 በዚያው በታጁራ መንገድ ከነጋዴዎች ጋር ተጉዞ ሸዋ ገባ። ሠራዊት አልነበረውም፤ ገጸ በረከቱም ጥቂት ነበር። ንዳድ ደጋግሞ እየጣለው ብዙውን ጊዜ አሊዩ አምባ ውስጥ በጎጆ ተኝቶ አሳለፈ። የእርሱም መጽሐፍ «ጉዞ በደቡብ ሐበሻ» ተብሎ በሁለት ክፍል በ1844 በለንደን ታተመ። ሁለቱንም መጻሕፍት ዛሬ እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ሊያገኛቸው ይችላል።

አሁን ወደ ምዘናው እንግባ። የሐሪስ መጽሐፍ ሲነበብ አስቀድሞ የሚታየው የቃሉ ብዛት ነው። ሐሪስ ተራራ ሲያይ ተራራ ብሎ አያልፍም፤ ሰማይ ጠቀስነቱን፣ ግርማውን፣ ጉሙንና ጥላውን ሳይደረድር አያርፍም። ሰው ሲያይም ሰውዬው እንደ ቴያትር ተጫዋች ልብስ ለብሶ ይቀርብልናል። አንባቢው በቃሉ እየተማረከ ይሄድና መጽሐፉን ሲዘጋ፣ ለመሆኑ ያ ሰው ማን ነበር? ምን በልቶ ያድር ነበር? ብሎ ቢጠይቅ መልስ ያጣል። በእኛ አስተያየት ይህ የሐሪስ የግል ድካም ብቻ አይደለም፤ በመልእክተኛነት የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ የሚይዘው ሕመም ነው። መልእክተኛ የላከውን ጌታ ማስደሰት አለበት፤ ጉዞው ታላቅ እንደ ነበር፣ ድካሙም ከንቱ እንዳልቀረ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ትልቁን ያገንናል፣ ትንሹን ይዘለዋል። ያን ያህል የተደከመበት ውል ራሱ የታሰበውን ንግድ ሳያመጣ እንደ ቀረ ስናስታውስ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ቃል ምን ሊሸፍን እንደ ፈለገ እንጠረጥራለን።

ይሁን እንጂ ሚዛናችን እንዳይዛነፍ የሐሪስን ሙያም መናገር ይገባናል። የመንግሥትን ነገር ለማየት ዕድል ነበረው፤ ያየውንም ጽፏል። የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ የምሥራቁን በርና የጎንጮን የመንግሥት እስር ቤት እንዴት ይጠብቁ እንደ ነበር፣ ንጉሡ ግብሩን፣ ዘመቻውንና ችሎቱን እንዴት ያካሂዱ እንደ ነበር ከእርሱ መጽሐፍ ብዙ ይገኛል። የሸዋን የዚያን ዘመን ፖለቲካ የሚያጠና ሰው ሐሪስን ሳያነብ ሊያልፍ አይችልም። ቢሆንም ከክብሩ ልብስ እየለየ ማንበብ አለበት።

ወደ ጆንስተን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ቋንቋው አያምርም፤ አንዳንዴም ያሰለቻል። ስለ ወንዞችና ስለ ጥንት ሕዝቦች የሚሰጠው ግምት ብዙው ከዛሬው ዕውቀት ጋር አይገጥምም። ነገር ግን ይህ ሰው ከአንድ ቦታ ተቀምጦ ነበር። ንዳዱ አላንቀሳቅስ ባለው ቁጥር በደጁ የሚያልፈውን፣ በጎረቤቱ የሚሠራውን፣ በምድጃው የሚበስለውን ያይ ነበር። እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ ጠላና ጠጅ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ጥጥ እንዴት ተፈትሎ ልብስ እንደሚሆን፣ በአንድ ብር ስንት አሞሌ እንደሚመነዘር ይጽፋል። ከምዕራፎቹም በአንደኛው የአንዲት ቀን ውሎውን በአሊዩ አምባ ከጧት እስከ ማታ ይተርካል። ይህችን ምዕራፍ ካነበብን በኋላ ከሦስቱ የሐሪስ ክፍሎች ይልቅ እርሷ በልባችን ቀረች።

ለምን ቢባል፣ ሐሪስ ያየው ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ የሆነ ነው፤ ጆንስተን የጻፈው ግን ዕለት ዕለት የሚሆነውን ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ታላቅ ግብር ንጉሡ ሲያልፉ ያልፋል። ሸማኔው ግን ትላንትም ሸምኗል፣ ዛሬም ይሸምናል። ባዘቶው በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ድሩ ተደውሮ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ያየ ሰው የአንድን ሕዝብ ዕውቀት አይቷል። የአገር ታሪክ ከግብሩ አዳራሽ ይልቅ ከሸማኔው ጉድጓድ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በዚህ ላይ የሁለቱ ጸሐፊዎች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ስለ ጥበብና ስለ መሣሪያ በሚጽፉት ነው። ሐሪስ ለንጉሡ ይዞ የመጣው ገጸ በረከት ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ሰዓትና በራሱ የሚዘፍን የሙዚቃ ሣጥን ነበር። ይህ ሁሉ ሲቀርብ የቤተ መንግሥቱን ሰው መደነቅ በደስታ ይተርካል። ጥበብ ለእርሱ ከውጭ በሣጥን ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው፤ የአገሬው ሰው ድርሻ መደነቅ ብቻ ነው። ጆንስተን ግን የአገሩን ሥራ ሥራ ብሎ ተመለከተው። የራሱን አገር መሣሪያ የበለጠ ማክበሩ አልቀረም፤ ነገር ግን ሸማኔውን ለመግለጽ ጊዜና ወረቀት አልነፈገም። አንድ ጥበብ ተመልካች ካላገኘ በጊዜው ጥበብ ተብሎ አይቈጠርም፤ ከጠፋ በኋላ ብቻ «ወይኔ» ይባልለታል።

ሐሪስ ከሚተርካቸው ነገሮች አንዱ የውሃ ወፍጮ ታሪክ ነው። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በንጉሡ ዘመን በአንኮበር አጠገብ በውሃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ነቀፉት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ቀረ። ሐሪስ ይህን የጻፈው በካህናቱ ለመሳቅ ነው፤ አንባቢም ይስቃል። እኛ ግን ካነበብን በኋላ ሳቃችን ቶሎ ቆመ። በታሪኩ ውስጥ ባለሙያው አለ፣ ንጉሡ አሉ፣ ካህናቱ አሉ፤ ሌሊት ተነሥታ በደንጊያ ወፍጮ ላይ ጐንበስ ብላ የምትፈጨው ሴት ግን ድምፅ የላትም። ወፍጮው ሲቆም የማን ወገብ እንደ ተጐዳ ሐሪስ አልጠየቀም። ዛሬ የሞተር ወፍጮ ቤት ባለበት ቀበሌ ያደገ ሁሉ ይህን መሣሪያ ለእናቱና ለእኅቱ ምን እንዳተረፈላቸው ያውቃል። አንድ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ወይም ሲከለከል ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ የማንን ድካም ያቀላል የሚለው ነው እንላለን። ይህ ጥያቄ በሐሪስ ጊዜ ያልተጠየቀ ቢሆንም በእኛም ጊዜ ሁልጊዜ አይጠየቅም።

ከላይ እንመለስበታለን ያልነውን ነገር አሁን እናንሣ። አሊዩ አምባ የበለጸገችበት ንግድ አንዱ ክፍል የባሪያ ንግድ ነበር። በአጠገቧ ያለው የአብዱል ረሱል ገበያ በዚህ ንግድ የታወቀ ነው። በዚህ ነገር ሐሪስ ከጆንስተን ይበልጣል። የባሪያን ንግድ አጥብቆ ይነቅፋል፤ ምንም እንኳ ነቀፋው የላከውን መንግሥት ሐሳብ የሚያገለግል ቢሆን ነቀፋነቱ አይቀርም። ጆንስተን ግን ያን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ የሚያሳየው ቁጣ ያነሰ ነው። ዕለት ዕለት የሚያየውን ነገር እየለመደው ሄደ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል፤ ቅርብ መሆን ለጸሐፊ በጎ ነገር ሆኖ ሳለ መልመድ የሚባል አደጋ አለበት። ከዚያም በላይ፣ ከተሸጡት ሰዎች አንዱ እንኳ በገዛ እጁ የጻፈው ቃል በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ የለም። ገበያው በሁለት ዐይን ታየ አልን እንጂ፣ ለሽያጭ የቆመው ሰው ዐይን ያየው ገበያ አልተጻፈም። ይህን ጉድለት ምንም ዓይነት ያማረ ቋንቋ አይሞላውም።

እነዚህ ጸሐፊዎች ሁለቱም ሳያውቁት የቀሩ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የከተማዪቱ ዕድል ነው። ሐሪስ በጠመንጃውና በውሉ የሸዋን ዕድል የሚለውጥ መስሎት ነበር። አሊዩ አምባን የለወጣት ግን ጠመንጃም ውልም አይደለም፤ መንገድ ነው። የምኒልክ መንግሥት መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ በ1886ም ወደ ተቈረቈረችው አዲስ አበባ ተሻገረ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የግመል ሲራራ ወደ ይፋት የሚወጣበት ምክንያት እያነሰ ሄደ። ኢጣሊያኖችም በወረራቸው ዘመን የሠሩት ወደ ደሴ የሚያልፈው የመኪና መንገድ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት በኩል ሲወርድ፣ አሊዩ አምባን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። እንግዲህ አንድን ከተማ ጠላት ሳይወጋት፣ ረኃብ ሳይፈጃት፣ ሩቅ አገር የተዘረጋ ብረት ገበያዋን ሊወስድባት ይችላል። ስለ ሥልጣኔ ሲጻፍ ሐዲዱ የደረሰበት ጣቢያ ደስታ ብቻ ይጻፋል፤ ሐዲዱ የራቀው ገበያ ኀዘን ግን ጸሐፊ አላገኘም።

ስለ ምድሩም ጥቂት ቃል እንጨምር። ሁለቱም ጸሐፊዎች ከቆላው ወደ አንኮበር ሲወጡ አየሩና ዛፉ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ በታች ጥጡና ማሽላው፣ በላይ ጽዱና ኮሶው እንዴት እንደሚተካካ ይናገራሉ። ዛሬ ያን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በአንኮበር ዙሪያ በብዛት የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ዛፍ ሐሪስም ጆንስተንም ሊያዩት አይችሉም ነበር፤ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነውና። ከዚያ በሰሜን በደብረ ሲና በኩል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ግን ጽዱንና ዝግባውን እስከ ዛሬ ይዟል። የአርጎባ ገበሬም ገደላገደሉን በደንጊያ እርከን እየደገፈ አፈሩን ሲጠብቅ ኖሯል። እነዚህ አሮጌ መጻሕፍት ለደን ሠራተኛና ለግብርና መምህር የሚሰጡት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ተራራው በፊት ምን ለብሶ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። መጽሐፍ የሌለው ተራራ ሁልጊዜ ራቁቱን የነበረ ይመስላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ አካባቢ በወረድን ጊዜ የጆንስተንን ምዕራፍ በልባችን ይዘን ነበር። በገበያው አጠገብ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘንና፣ «አባቴ፣ በድሮ ጊዜ እዚህ ገበያ ምን ምን ይሸጥ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን የሚያውቁት እነ አባቴ ነበሩ። እኔ ስጠየቅ አንተ ዘግይተህ መጣህ» አሉን። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። የገበያውን የ1842 ውሎ ለማወቅ ከፈለግን የምንሄደው ወደ እንግሊዛዊው ሐኪም ነው፤ የአባቶቻቸውን ዘመን ውሎ ለማወቅ ከፈለግን ግን የምንሄድበት የለንም። በዚያ አካባቢ ያለው አርጎባ ከጊዜ ብዛት አማርኛ ተናጋሪ እየሆነ በመሄዱ፣ የሸማኔው፣ የነጋዴውና የእርከን ሠሪው የገዛ ቃላት አብረው እየጠፉ ናቸው።

የአገራችን ሰው መጻፍ አያውቅም ማለታችን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በእኛ 1924 ዓ.ም. ጽፈዋል። የመንግሥት ሹም የነበሩት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም የአገሩን ሥርዐት፣ ግብርና ደንብ ሰብስበው በ«ዝክረ ነገር» ባያስቀምጡልን ኖሮ ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር። ስለ አሊዩ አምባም በእኛ ዘመን የታሪክ ሊቁ አህመድ ሐሰን ዑመር የሩቅና የቅርቡን ማስረጃ አገናኝተው ሰፊ ጥናት አበርክተዋል። የጐደለን ሊቅ ሳይሆን የዕለት ጸሐፊ ነው። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ያየውን ይጽፋል፤ በቤቱ ያለ ሰው ግን ያለበትን ነገር ተርታ ነው ብሎ ይንቀዋል። ለእንግሊዛዊው ሐኪም ተርታ ያልሆነው ሸማኔ ለእኛ ተርታ ሆነና ሳይጻፍ ቀረ።

እንግዲህ የሁለቱ መጻሕፍት ምዘናችን ይህ ነው። ሐሪስ በጸሐፊነቱ ቢያምርም ከሥልጣኑ ወንበር ስላልወረደ ብዙውን አላየም። ጆንስተን በቋንቋው ቢደክምም ተቀምጦ በማየቱ ይበልጠዋል። ሁለቱም ግን እንግዶች ናቸውና ያልሰሙት ከሰሙት ይበዛል። የቀረውን የመሙላት ዕዳ በእኛ ላይ ነው።

ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መምህር ለተማሪዎቹ ስለ ጸደይ ወራት ውበት ጻፉ ከሚላቸው ይልቅ፣ የአያታችሁን የአንድ ቀን ውሎ ከጧት እስከ ማታ ጻፉ ቢላቸው ይበቃል። ወረዳ የሚወርድ የመንግሥት ሠራተኛም ሪፖርቱን ከጨረሰ በኋላ አንድ ገጽ ለራሱ ይጻፍ፤ ወፍጮው ስንት ያስከፍላል፣ ውሃው ከየት ይቀዳል፣ የትኛው ዛፍ ተቈረጠ፣ አዲሱ መንገድ የማንን ገበያ አቀረበ የማንንስ አራቀ? ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ እንኳ የሽማግሌን ድምፅ ሊይዝ ይችላል። ሪፖርቱ ለአለቃ ነው፤ ያቺ አንድ ገጽ ግን ገና ላልተወለደው አንባቢ ናት። እርሱ መጥቶ ሲጠይቅ «ዘግይተህ መጣህ» የሚል መልስ እንዳያገኝ፣ እኛ ሳንዘገይ እንጻፍ።